የካርማን ጊያ ሞተሪኖ ፈትቶ መቀየር፦ ሁለት ብሎን፣ ሁለት ሽቦና አንዲት ቦኮላ

ካርማን ጊያ ላላችሁ ሰዎች የምሥራች አለኝ። መኪናችሁ ከላይ ስፖርት መኪና ናት፣ ከሥር ግን ቮልስ ናት። ንድፏን ቱሪን ያለው የጊያ ቤት አወጣ፣ ቦዲዋን ኦስናብሩክ ላይ ካርማን ሠራ፣ ሞተሯና ካምቢዮዋ ግን ከቮልስ የመጡ ናቸው። ከ1955 እስከ 1974 ስትመረት ይሄ ነገር አልተለወጠም (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። ስለዚህ ቁልፍ ስታዞሩ ዝም ስትላችሁ «ይቺን መኪና ማን ያውቃታል» ብላችሁ አትጨነቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ፈትቶ ያልገጠመ የድሮ መካኒክ የለም። ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው መኪና እንኳ ቮልስ ነበረች።

ከዚህ በታች የምጽፈው ማንዋል ካምቢዮ ላላት ጊያ ነው። ቮልስ ያለውም ሰው እንዳለ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ዋናው ልዩነት የባትሪው ቦታ ነው። ቮልስ ላይ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፣ ጊያ ላይ ደግሞ ሞተር ክፍሉ ውስጥ በቀኝ በኩል። ቀኝና ግራ ስል ፊታችሁን ወደ መኪናው አፍንጫ አድርጋችሁ እንደተቀመጣችሁ ቁጠሩት። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ሰው ከኋላ ቆሞ ሲያይ ይምታታበታል።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ሞተሪኖው፣ ማለትም ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ በሁለት ቦታ ታስሯል፣ ሁለት ሽቦ ይገባበታል፣ በቃ። ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው በሌላ ነገር ነው። ወይ ያልተበላሸ ሞተሪኖ ያወጣል፣ ወይ አዲሱን ገጥሞ ቦኮላዋን (የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍባትን የነሐስ ቀለበት) ይረሳል። ስለ ሁለቱም ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

በእርግጥ ሞተሪኖው ነው ወይ?

መጀመሪያ ጆሯችሁን ስጡት። ቁልፍ ስታዞሩ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ብሎ በፍጥነት ከተንጫጫ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው ተርሚናል ላልቷል። አንድ ጊዜ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ሶለኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ሠርቶ ሞተሪኖው አልዞረም ማለት ነው፣ ወይም ደግሞ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ አነስተኛ ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ ከቁልፉ የሚመጣውን ሽቦ ጠርጥሩ። ፉርርር ብሎ በባዶ ከዞረና ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ ቤንዲክሱ (ከሞተሪኖው ወጥቶ የሞተሩን ጥርስ የሚይዘው ክፍል) አልያዘም። ብረት ብረትን ሲፍቅ የምትሰሙ ከሆነ ግን ደጋግማችሁ አታዙሩት፤ የቮላኖውን (ሞተሩ ጀርባ ያለውን ባለ ጥርስ ትልቅ ክብ ብረት) ጥርስ ትበላላችሁ፣ እሱን ለመቀየር ደግሞ ሞተር ማውረድ ሊመጣ ነው።

ቀጥሎ ቴስተር አምጡ። ጥቂት ሰዓት ያረፈ ጤነኛ የ12 ቮልት ባትሪ 12.6 አካባቢ ያነባል። 12.2 ካነበበ ግማሹ አልቋል፤ ቻርጅ አድርጋችሁ ተመለሱ። ቀጥሎ ሞተሩ እንዳይነሳ ቦቢናው ላይ 15 ቁጥር የሚለውን ሽቦ ንቀሉ፣ ካምቢዮውን ፎሌ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። አንድ ሰው ቁልፍ ሲያዞር እናንተ ባትሪው ላይ ለኩ። ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው አቅም የለውም፣ ወይም ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየጠጣ ነው። ሌላ ጤነኛ ባትሪ አስገብታችሁ ሞክሩና ለዩት።

አሁን የሚመጣውን ብዙ ሰው አይለካውም፣ መለካት ያለበት ግን እሱ ነው። ከቴስተሩ ሁለት ጫፍ አንዱን የባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ራሱ ላይ አድርጉ (ማሰሪያው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ላይ)፣ ሌላውን የሞተሪኖው ቆዳ (የውጭ ብረቱ) ላይ፣ ቀለም በሌለበት ቦታ። ቁልፍ ይዞር። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው (ኤሌክትሪኩ በብረቱ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መንገድ) ችግር አለበት። በፖዘቲቭ በኩልም ያንኑ አድርጉ፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ ወደ ሞተሪኖው 30 ቁጥር (የባትሪው ወፍራም ኬብል የሚታሰርበት ጫፍ)። እዚያም ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ ወፍራሙ ኬብል ውስጡ ዝጓል ወይም ጫፉ ተበልቷል። ከውጭ ሲያዩት ደህና የሚመስል፣ ጎማው ሲገለጥ ግን ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት የሆነ ኬብል በእነዚህ መኪኖች ላይ ብርቅ አይደለም።

ማሳን ካነሳን፣ ከካምቢዮው የፊት ጫፍ ወደ መኪናው አካል የምትሄድ የተጎነጎነች የመዳብ ማሰሪያ አለች። ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ትራስ ላይ ስለተቀመጡ ወደ ባትሪው የሚመለሰው ኤሌክትሪክ በሙሉ በእሷ ነው የሚያልፈው። እሷ ስትበጠስ ወይም ስትዝግ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፣ የሚያገኘውም የነዳጅ መስጫውን ገመድና የፍሪሲዮን ገመዱን ነው። ሞተሪኖ ስታዞሩ የነዳጅ መስጫው ገመድ ከሞቀ ሌላ ነገር አትመርምሩ። ማሰሪያዋን ቀይሩ፣ ሁለቱንም ጫፍ እስኪያበራ ፈግፍጉ፣ ጨርሳችኋል። ሞተሪኖው ባለበት ይቆይ።

የመጨረሻው ፈተና 50 ቁጥር ላይ ነው። ይቺ ከቁልፉ የምትመጣ ቀጭን ሽቦ ናት፣ ብዙውን ጊዜ ቀይ ላይ ጥቁር መስመር አላት። ከመኪናው ፊት እስከ ኋላ ስለምትጓዝና መሃል ላይ አሮጌ የቁልፍ ማብሪያ ስላለ መንገድ ላይ ብዙ ቮልት ይጠፋባታል። አንድ አጭር ሽቦ ወስዳችሁ 30ን ከ50 ጋር ለቅጽበት አገናኙ። ሞተሪኖው በጉልበት ከዞረ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ከቁልፉ ወይም ከሽቦው ነው። ይህን ስታደርጉ መኪናዋ ፎሌ ላይ መሆኗን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ማርሽ ውስጥ ከሆነች ሞተሯ ባይነሳም እንኳ በሞተሪኖው ብቻ ትንቀሳቀሳለች፣ እናንተ ደግሞ ከሥሯ ናችሁ።

ይህን ሁሉ አልፎ አሁንም ካልዞረ፣ እሺ፣ ይውጣ።

የትኛውን ልግዛ?

እዚህ ላይ ስድስትና አሥራ ሁለት ቮልት የሚባል ጣጣ አለ። እስከ 1966 ሞዴል ድረስ ያሉት 6 ቮልት ናቸው፣ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ 12 ቮልት ሆኑ። ልዩነቱ ባትሪው ብቻ አይደለም። የ6 ቮልቱ ቮላኖ 109 ጥርስ አለው፣ የ12 ቮልቱ 130። የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍም ይለያያል፤ የ12 ቮልቱ ቀጠን ይላል። ስለዚህ ሻጩ «ይሄ ለቮልስ ነው» ስላላችሁ ብቻ አትግዙ። ብዙ የድሮ ጊያዎች ባለፉት ዓመታት ወደ 12 ቮልት ተቀይረዋል፣ ግን ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ አልተቀየሩም። አንዱ ቮላኖውንም ቀይሮታል፣ ሌላው ባትሪና አምፖል ብቻ ቀይሮ የድሮውን የ6 ቮልት ሞተሪኖ በ12 እያዞረው ነው። ይሄ ይሠራል፣ እንዲያውም በኃይል ይዞራል፣ ግን ጥርሱንና ቤንዲክሱን ቶሎ ይጨርሳል። መኪናዋን ገና የገዛችሁ ከሆነ ሞተሪኖው ከወጣ በኋላ በቀዳዳው የቮላኖውን ጥርስ ቆጥሩ። አንዱን ጥርስ በቾክ ምልክት አድርጋችሁ ሞተሩን በእጅ እያዞራችሁ ነው የሚቆጠረው። አሰልቺ ነው፣ ግን እርግጠኛ ትሆናላችሁ።

አዲስ ልግዛ ወይስ የነበረውን ላስጠግን? የኔ ምክር፣ የነበረው የጀርመን ቦሽ ከሆነና ሽቦው ካልተቃጠለ አስጠግኑት። አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው ካርቦኑና ውስጡ ያሉት ቦኮላዎች ናቸው። ጥሩ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ካርቦን ቀይሮ፣ ኮሌክተሩን አጽድቶ፣ ሶለኖይዱን ፈትሾ ይመልስላችኋል። ሶማሌ ተራ ላይ ስም በሌለው ካርቶን የሚሸጠው አዲስ ሞተሪኖ ከዚህ ይሻላል ብዬ አላስብም። ሌላ አማራጭ አለ፤ ጫፉ በራሱ አፍንጫ ውስጥ የተደገፈ፣ የካምቢዮውን ቦኮላ የማይፈልግ ሞተሪኖ። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ የመጣው ከፊል አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው ቮልሶች የዚህ ዓይነት ነበራቸው፣ አሁን የሚሠሩት ባለ ማርሽ ትንንሽ ሞተሪኖዎችም እንደዚያ ናቸው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ በቀላሉ ታገኛላችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ የሚመጣ ዘመድ ካለ ሞተሪኖ አምጣልኝ ማለት ያሳፍር ይሆናል፣ ኪሎው ቀላል አይደለም። ቦኮላዋን ግን አስመጡ። ኪስ ውስጥ ትገባለች።

ከመፍታት በፊት

የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው። ሁለት የ17 ቁልፍ (አንዱ ቀለበት ያለው፣ አንዱ ሶኬት ከማራዘሚያ ጋር)፣ አንድ የ13፣ ባትሪው ላይ የሚገባ ቁልፍ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ፣ ጥቂት ግራሶ። ክሪክና ሁለት ካቫሌቶ። ከሁሉም በላይ አንድ ረዳት፤ ለምን እንደሆነ ላይኛዋ ብሎን ላይ ስትደርሱ ይገባችኋል።

ማታውኑ ዳዶዎቹ ላይ ስፕሬይ አድርጉና አሳድሩት። ጠዋት ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ አቁሙ፣ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት አግዱ፣ ፎሌ አድርጉ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፤ የማሞቂያው ቱቦና የጭስ መውጫው አጠገባችሁ ናቸው።

መጀመሪያ የሚፈታው የባትሪው ኔጋቲቭ ነው። ይህን አትዝለሉት። 30 ቁጥር ላይ ያለው ኬብል ቁልፉ ጠፍቶም ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለበት፣ መሃል ላይ ፊውዝ የለም። ቁልፋችሁ በአንድ ጫፉ እሱን፣ በሌላው ካምቢዮውን ከነካ ብየዳ ነው የሚሆነው። በዚያ ላይ ጊያ ላይ ባትሪውና ቤንዚን የሚወስደው አሮጌ ጎማ እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። እግረ መንገዳችሁን ያን የቤንዚን ጎማ እዩት። ተሰነጣጥቆ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት። የእነዚህ መኪኖች እሳት ብዙውን ጊዜ ከሱ ነው የሚጀምረው።

የቀኝ ኋላ ጎማ ብሎኖችን መሬት ላይ እያለች አላሉ፣ ከዚያ አንሡ፣ ካቫሌቶ አስገቡ፣ ጎማውን አውጡ። ጎማው ሳይወጣም የሚሠሩ አሉ፣ ግን እጅ የሚገባበት ቦታ ሲሰፋ ቁጣም ይቀንሳል። ከመኪናዋ ጋር የመጣውን ክሪክ ብቻ አምናችሁ ከሥር አትግቡ። የወጣውን ጎማ ደግሞ ከሥሯ አስተኙት፤ ብትወርድ እሱ ላይ ትቀመጣለች።

ማውጣት

ከሥር ስትገቡ ሞተሪኖውን ከካምቢዮው በስተቀኝ ታገኙታላችሁ። አፍንጫው ወደ ኋላ፣ ወደ ሞተሩ ዞሮ የካምቢዮው ደወል ውስጥ ገብቷል፤ ቆዳው ወደ ፊት ተዘርግቷል። ላዩ ላይ የተጫነችው ትንሿ ሲሊንደር ሶለኖይዱ ናት።

ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሡ። ብዙ ፎቶ። ሶለኖይዱ ላይ ሁለት ትልልቅ ብሎን መሰል ጫፎች አሉ። አንደኛው 30 ነው፣ የባትሪው ኬብልና ወደ ሌላው የመኪናው ክፍል የሚሄዱ ሽቦዎች እሱ ላይ ናቸው። ከሌላው አጭር ወፍራም ማሰሪያ ተነሥታ ወደ ሞተሪኖው ሆድ ትገባለች። ይቺኛዋ አትነካም። ስትገጥሙ የባትሪውን ኬብል በስህተት እሷ ላይ ካሰራችሁት ባትሪው እንደተነካ ሞተሪኖው ያለ ቁልፍ መዞር ይጀምራል።

ቀጭኗን የ50 ሽቦ በእጅ ሳቡ፣ ሽቦውን ሳይሆን የብረቷን ጫፍ ይዛችሁ። የ30ን ዳዶ በ13 ፍቱ፣ ኬብሎቹን አውጥታችሁ በላስቲክ ጠቅልሉ፣ ዳዶዋንና ሮንዴላዋን መልሳችሁ ቦታቸው ላይ አስገቡ። ትንሽ ነገር ሣር ውስጥ ገብቶ መፈለግ የማይወድ ሰው እንደዚያ ያደርጋል።

ሞተሪኖውን ከያዙት ሁለቱ የታችኛዋ ቀላል ናት። ካምቢዮው ላይ የተተከለች ብሎን ላይ ያለች የ17 ዳዶ ነች፤ ከሥር ትታያለች፣ ትፈታለች።

የላይኛዋ ነች ነገረኛዋ። ይቺ ረጅም ብሎን ሞተሪኖውን ብቻ አይደለም የያዘችው፤ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ካሰሩት አራት ቦታዎች አንዷም እሷ ናት። ጭንቅላቷ ከሥር በሞተሪኖው በኩል ነው፣ ዳዶዋ ከላይ ሞተር ክፍሉ ውስጥ፣ ከማራገቢያው ቆርቆሮ ጀርባ። አትታይም። ኮፋኖውን ከፍታችሁ ቀኝ እጃችሁን ከቆርቆሮው ጀርባ ታስገቡና በዳሰሳ ትፈልጓታላችሁ። ጣታችሁ ስድስት ጎን ያለው ነገር ሲነካ አገኛችኋት። ረዳታችሁ ከሥር ጭንቅላቷን በ17 ቀለበት ይያዝ፣ እናንተ ከላይ ፍቱ። በአንዳንዶቹ ላይ ጭንቅላቷ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው፤ ሞተሪኖው ላይ ተደግፋ ራሷን ትይዛለች፣ ያኔ ብቻችሁን ትወጡታላችሁ። አልላቀቅ ካለች ስፕሬይ ጨምራችሁ ቡና ጠጡ። ጥርሷን ከበላችሁት ቀጣዩ ሥራ ሞተር ማውረድ ነው።

ሞተሩ ይወድቃል ብላችሁ አትፍሩ፤ የቀሩት ሦስቱ ይይዙታል። ግን እነሱን በጭራሽ አትንኩ።

ሁለቱም ከተፈቱ በኋላ ሞተሪኖውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ መኪናው ፊት ሳቡት። ለዓመታት ተጣብቆ ስለነበር መወዝወዝ ይፈልግ ይሆናል። ሲለቅ በድንገት ነው የሚለቀው፣ ክብደትም አለው፣ ስለዚህ ፊታችሁን ከሥሩ አርቁ።

ቦኮላዋ

አሁን ባዶውን ቀዳዳ በባትሪ መብራት እዩ። ወደ ውስጥ፣ የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ጣት የማትሞላ የነሐስ ቀለበት አለች። ቦኮላ ማለት ይቺ ናት። የዘንጉ አንድ ጫፍ ሞተሪኖው ውስጥ ተደግፏል፣ ሌላኛው ጫፍ ግን የተደገፈው ካምቢዮው ላይ ባለችው በዚህች ቀለበት ብቻ ነው። አዲስ ሞተሪኖ ስትገዙ እሷ አብራ አትመጣም። መኪናዋ ላይ ነው የምትቀረው።

ቦኮላዋ ስትበላ ዘንጉ ይንዘፈዘፋል። ውስጥ የሚዞረው ክፍል ጠርዙን ይነካል፣ ይጎተታል፣ ሲሞቅ ይብስበታል። የወጣውን ሞተሪኖ ስታስከፍቱ የሚዞረው ክፍል ላይ የሚያብለጨልጭ የመፋተግ ምልክት ካያችሁ ምስክሩ እሱ ነው። ሞተሪኖ በየዓመቱ ይቀይራል የሚባል ቮልስ ካያችሁ ቦኮላዋን ቀይሮ እንደሆነ ጠይቁት። አልቀየረም።

ለማውጣት ልዩ መጎተቻ አለ። ከሌላችሁ ጥርስ ማውጫ ታፕ ከቀዳዳዋ በትንሹ የሚበልጥ ምረጡና ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጧ አዙሩት። ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ይይዛል፤ ከያዘ በኋላ ታፑን መሳብ ነው፣ እሷም ተከትላ ትወጣለች። በካቻቢቴ እየፈለጡ ማውጣት ይቻላል የሚል ሰው አትስሙ፤ ቤቷ አሉሚንየም ነው፣ ከተጫረ አዲሷ አትቀመጥም።

አዲሷን ከመግጠማችሁ በፊት የአዲሱ ሞተሪኖ ዘንግ ውስጥ በእጅ ሞክሯት። ያለ ጉልበት መግባት አለባት፣ ግን መወላወል የለባትም። የ6 ቮልት ካምቢዮ ላይ የ12 ቮልት ሞተሪኖ ለሚገጥም ሰው ውጪዋ የድሮውን ያህል፣ ውስጧ ጠበብ ያለ ቦኮላ ይሸጣል፤ እሱን ጠይቁ። ከዚያ ሞተር ዘይት ውስጥ ነክራችሁ አቆዩዋት። ነሐሷ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏት፣ ዘይት ትጠጣለች፣ ያን ዘይት ይዛ ነው የምትኖረው። ለመግጠም ውስጧ ልክ የሚገባ ለስላሳ ዘንግ ወይም ጥርስ የሌለው ብሎን ፈልጉ፣ ቀለበቷን እሱ ላይ አድርጉ፣ ቀጥ አድርጋችሁ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ አስገቡ። ጠርዟን በቀጥታ አትምቱ፤ ትጠብና ዘንጉ አልገባም ይላል። ከገባች በኋላ ውስጧን ቀጠን ያለ ግራሶ ቀቧት፣ ብዙ አይደለም። የሚበዛው ተረጭቶ ወደ ፍሪሲዮኑ ይሄዳል።

እግረ መንገዳችሁን የቮላኖውን ጥርስ እዩ። ፑሌጃውን በቁልፍ ይዛችሁ ሞተሩን ቀስ ብላችሁ ሙሉ ዙር አዙሩ፣ ረዳታችሁ በቀዳዳው ይይ። አራት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ ሁልጊዜ ሁለት ቦታ አካባቢ ስለሚቆም ጥርሱም እዚያ ነው የሚበላው። ጫፋቸው ትንሽ ከተጠጋጋ ችግር የለም። ግማሹ ከጎደለ ግን አዲሱን ሞተሪኖም ይበላዋል፣ ሞተር የሚወርድበትን ቀን ቁረጡ።

መግጠም

ሞተሪኖውን ከመስቀላችሁ በፊት መሬት ላይ ፈትሹት፤ ከጠገነው ሰው የተቀበላችሁትም ቢሆን። ሞርሳ ላይ እሰሩት፣ ከሌለ በእግር አጥብቃችሁ ያዙት፣ ምክንያቱም ሲነሳ ይዘላል። የጃምፐር ኬብሉን ኔጋቲቭ ቆዳው ላይ፣ ፖዘቲቩን 30 ላይ አድርጉ፣ ከ30 ወደ 50 በአጭር ሽቦ ንኩ። ቤንዲክሱ ወደ ፊት መውጣትና መዞር አለበት፤ ሽቦውን ስታነሡ ደግሞ ወዲያው ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ወደ ጠገነው ሰው መልሱት፣ መኪናዋ ላይ አይሻሻልም።

የሚገጥሙበትን ሁለቱን ገጽ እስኪያበሩ አጽዱ። አዲስና የተጠገኑ ሞተሪኖዎች ብዙ ጊዜ በጥቁር ቀለም ተነክረው ነው የሚመጡት። ያምራል፣ ግን የሞተሪኖው ማሳ የሚያልፈው በዚያው ገጽ ስለሆነ ቀለሙ ይከለክለዋል። ካምቢዮው ላይ የሚያርፈውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት።

ላይኛዋን ብሎን አስቀድማችሁ በሞተሪኖው ጆሮ ሰክታችሁ አንሡት። ከተሰቀለ በኋላ ቦታ አትሰጣችሁም። አፍንጫውን አስገቡ፣ የዘንጉ ጫፍ ቦኮላዋን እስኪያገኝ ትንሽ አወዛውዙ። ገጹ ከገጽ ጋር በእጅ ብቻ መግጠም አለበት። ብሎን እያጠበቁ መሳብ የለም፤ ቦኮላዋን ወይም የካምቢዮውን ጆሮ ትሰብራላችሁ። ከገጠመ በኋላ የታችኛዋን ዳዶ በጣት ያዟት፣ ከላይ እጃችሁን አስገብታችሁ የላይኛዋንም በጣት አስጀምሩ፣ ሁለቱም ጥርስ መያዛቸውን ስታረጋግጡ አጥብቁ። ልኩ 30 ኒውተን ሜትር ነው፣ ወደ 3 ኪሎ። በተራ ቁልፍ ከሆነ ጠንከር ያለ የአንድ እጅ ጉልበት፤ ቧንቧ ጨምሮ መጫን አይደለም።

ኬብሎቹን ፎቶውን እያያችሁ መልሱ። የ30ን ዳዶ አጥብቁ፣ ግን የሶለኖይዱ ክዳን ተሰባሪ ነገር ስለሆነ አታንቁት። የኬብሉ ጫፍ ካምቢዮውንም ቦዲውንም የማይነካበት አቅጣጫ ላይ ይሁን፣ ከማሞቂያው ቱቦም ይራቅ። የ50 ጫፍ ላላ ካለ በፒንሳ ጫን አድርጉና አስገቡት፤ ስትገባ ጠበቅ ማለት አለባት።

ጎማውን ግጠሙ፣ አውርዱ፣ የቦቢናውን ሽቦ መልሱ፣ መጨረሻ ላይ የባትሪውን ኔጋቲቭ። ኔጋቲቩ ሲነካ ትልቅ ብልጭታ ካለ ወይም ሞተሪኖው ከዞረ ወዲያው አንሡት፣ የ30 ኬብል ቦታ ተሳስቷል።

አስነሡ። መነሻው አጭርና ጠንካራ፣ ሲነሳ የሚለቅ ድምፅ መሆን አለበት። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ሹል የሆነ ጩኸት ከቀጠለ ቤንዲክሱ አልለቀቀም፤ አጥፉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሁለቱን ብሎኖች አንድ ጊዜ ደግማችሁ ፈትሹ።

አሁን የቀረው የሙቀት ፈተና ነው። ዳገት ያለበት መንገድ ላይ በደንብ ንዱ፣ አጥፉ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ አስነሡ። ቀዝቃዛ ላይ ጥሩ ሆኖ ሲሞቅ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ አዲሱን ሞተሪኖ አትውቀሱ። ያቺ ከፊት የምትመጣ የ50 ሽቦ ናት፤ ሶለኖይዱ ሲሞቅ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ እሷ ደግሞ አታደርስም። መፍትሔው ሞተሪኖው አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ተራ የመኪና ሪሌ (በቀጭን ሽቦ ታዞ ወፍራሙን የሚያገናኝ ማብሪያ) ነው። ከቁልፍ የመጣችውን የ50 ሽቦ ከሞተሪኖው ንቀሉና የሪሌው 86 ላይ አድርጓት። 85ን ማሳ ስጡት። ከሞተሪኖው 30 ወፈር ያለ ሽቦ በፊውዝ አሳልፋችሁ ወደ ሪሌው 30፣ ከሪሌው 87 ደግሞ ወደ ሞተሪኖው 50። ውሃ ከጎማ በማይረጭበት ቦታ እሰሩት፣ ጫፎቹ ወደ ታች ይዙሩ።